ሁለተኛው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ አንድ ሐሳብ፣ አንድ እጅና አንድ ድምፅ ተገናኝተው ድርጅት መሠረቱ። ሐሳቡ የሚልክያስ ነበር፣ እጁ የሐመልማል፣ ድምፁ የይትባረክ። ሲጀምሩ አንድ ሽሮ ለሦስት አዝዘው እየተሳሳቁ ይበሉ ነበር። ይህ ነገር በደረሰበት ሳምንት ግን አብረው ምሳ መብላት ካቆሙ ቆይተዋል። በአንዲት ጠባብ ቢሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ማዛጋት እያየ፣ በቴሌግራም ይጻጻፋሉ።

የድርጅቱ ስም «ጡሩምባ» ነው። ዱሮ ከዕድር አባል ቤት ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል፤ የሰማ ሁሉ ነጠላውን ይዞ ይወጣል። አሁን ግማሹ ሰፈርተኛ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ከሰፈሩ ቢወጣም ከዕድሩ አልወጣም፤ ጡሩምባው ደግሞ እስከዚያ አይሰማም። ስለዚህ የዕድሩ ዳኛ የሟቹን ስም ስልኩ ላይ ያስገባል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ የአባላቱ ስልክ በያሉበት ይጮኻል። ሲነሣ ከይትባረክ ተቀድቶ በኮምፒውተር የተቀናበረ፣ ረጋ ያለና የሚያባባ ድምፅ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል።

ቁልፉ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው ሲጫን ሽማግሌዎቹ ብቻ ይጠራሉ። እነሱ ተሰባስበው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ከበው፣ ደግፈው፣ ቀስ አድርገው መርዶውን ያረዳሉ። ይህ ከሆነ በኋላ ዳኛው ሁለተኛውን ይጫናል፤ ያኔ ነው የሌላው ሁሉ ስልክ የሚጮኸው። ሁለተኛው ቁልፍ እንዲኖር የለመነው ይትባረክ ነበር። አባቱ በሰፈሩ የታወቁ ጡሩምባ ነፊ ነበሩ፤ መርዶ ያልተነገረው ቤት አጠገብ ሲደርሱ ጡሩምባቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸሽገው በሌላ መንገድ ይዞሩ ነበር።

ሚልክያስ ይህን ሥራ የጀመረው የባንክ ሥራውን ጥሎ ነው። አማቱ እስካሁን አልማሩትም፤ «ልጄን ለባንክ ሠራተኛ ድሬ ጡሩምባ ነፊ ሆኖ አረፈው» እያሉ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ያመዋል። እሑድ እሑድ በየዕድሩ ስብሰባ ከጠንካራ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ «ሞት በስልክ?» እያሉ የሣቁበትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ያሳመነው እሱ ነው። ከዚህች ድርጅት ሌላ ለአማቱም ለራሱም የሚያሳየው ነገር የለውም። ብትወሰድበት ምን እንደሚሆን ማሰብ እንኳ ያስፈራዋል።

ይህን ያህል ደክሞ ግን አንድ የማይተወው አመል ነበረው። ዓርብ ዓርብ በቻናሉ ላይ «የመሥራቹ ሳምንት» እያለ ይጽፋል፤ በሳምንቱ የተማረውን፣ ልቡን ያነሣሣውን፣ ወድቆ እንዴት እንደተነሣ። ተከታዮቹ ብዙ ናቸው፤ ልብና ጭብጨባ ያዘንቡለታል። ሐመልማል ጽሑፎቹን አንብባ አታውቅም። ይትባረክ ያነባል፤ አንብቦም በሁሉም ውስጥ የራሱን ስም ይፈልግና ያጣዋል።

ሰኞ ጠዋት ሚልክያስ ተጣድፎ ገባ። ሐሙስ ኢንቨስተሮች ሊመጡ ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሺህ ስልክ ባንድ ጊዜ ሲጮኽ ማሳየት ይፈልጋል። ደግሞም አንዳንድ ዳኞች ሁለተኛውን መጫን እየረሱ ሰው ቀብር እያመለጠው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሁሉንም እንዲጠራ አድርጋ ሁለተኛውን ቁልፍ እንድታነሣው ሐመልማልን አዘዛት።

«ሽማግሌዎቹን ጠይቀሃል?» አለችው።

«አንሺው አልኩሽ።»

ሐመልማል ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። ክርክር ሰልችቷታል፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ እሷ ስትሠራ ዓመት አልፏል። ያለችውን ብላለች፤ ከዚህ ወዲያ ጥፋቱ የአዛዡ ነው ብላ አነሣችው። ዳኞቹን ማስታወቅ የይትባረክ ሥራ ነበር። ይትባረክ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፤ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። ሚልክያስ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ባዩ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በጅማ መንገድ ተገልብጦ ሞተ። ባዩ የወይዘሮ ዘነበች የበኩር ልጅ ነው። ወሬው በቅድሚያ የደረሰው ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ ወንድይፍራው ሲሆን፣ እሳቸውም እንደ ወትሮው ሽማግሌዎቹን ለመጥራት ስሙን አስገብተው የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ሁለተኛ እንደሌለ ማንም አልነገራቸውም።

ወይዘሮ ዘነበች በዚያ ሰዓት ከመርካቶ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ነበሩ። ስልካቸው ጮኸ። ያ የሚያባባ ድምፅ፣ «የወይዘሮ ዘነበች ልጅ አቶ ባዩ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ» ብሎ ጀመረ። ደጋፊ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ጉልበታቸውን የሚይዝ የለ። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያም ከማያውቋቸው ሰዎች መሐል ተነሥተው በሚሮጠው ታክሲ ውስጥ ደረታቸውን ሲደቁ ወደቁ። ግንባራቸው ተፈነከተ። ተሳፋሪው ምን እንደሆኑ እንኳ የገባው ዘግይቶ ነው። በዚህ አገር ለጠላት እንኳ መርዶ እንዲህ አይነገርም።

ነገሩ በሰፈሩ ሲሰማ እሳት ሆነ። ሦስቱም ሰሙ፤ ሦስቱም አልተኙም፤ ግን አንዱም ለሌላው አልደወለም። በማግስቱ ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ።

ሚልክያስ የሄደው ወደ ድንኳኑ ነው። ረቡዕ ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሰው ሊመታው ተነሣ፤ ሽማግሌዎች ያዙ። ከወይዘሮ ዘነበች እግር ሥር ተንበረከከና ትእዛዙ የእሱ መሆኑን፣ ሌላ ማንም እንዳልነበረበት በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። የሐመልማልንም የይትባረክንም ስም አላነሣም። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ትከሻው ድንጋዩን መሸከም እስኪያቅተው አለቀሰ። ወይዘሮ ዘነበች ግንባራቸው በጨርቅ እንደታሰረ ብዙ ቆይተው አዩት፤ ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከትከሻው አወረዱለት።

«ተነሥ። ድንጋይ ልጄን አይመልስልኝም» አሉ።

ሐመልማል ወደ ድንኳኑ አልሄደችም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ። እሷ የሄደችው ወደ ቢሮ ነው። ማንንም ሳትጠይቅ አገልግሎቱን በሁሉም ዕድሮች ላይ ዘጋችው፤ መክፈቻውን ከእሷ በቀር ማንም እንዳያውቀው አደረገች። ከዚያ ከቢሮው ጓዳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ከመሠረቱ ትሠራው ጀመር። ሦስት ሽማግሌዎች በየስልካቸው «መርዶው ተነግሯል» ብለው ካላረጋገጡ የትኛውም ስልክ እንዳይጮኽ፣ ይህንንም አለቃ ቢያዝ፣ ባለገንዘብ ቢለምን፣ ማንም እንዳያነሣው አድርጋ አሠረችው። ምግብ አልቀመሰችም። እናቷ ደውለው ልቅሶ ለምን እንዳልደረሰች ሲጠይቋት ልቅሶ ላይ መሆኗን ነግራቸው ዘጋችው።

ሐሙስ ኢንቨስተሮቹ መጡ። ሚልክያስ ስልኩን አውጥቶ ተጫነ፤ ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አይተው በትሕትና ተሰናበቱ፤ እንደማይመለሱም ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። ሚልክያስ የሐመልማልን በር ደበደበው።

«ሳትጠይቂኝ ዘጋሽው?»

«አንተስ ሰኞ ማንን ጠየቅህ?» አለችው ከውስጥ።

ሐመልማልን የጠላት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ይቀየማት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የጫማዋ ኮቴ ሲሰማው እንኳ ያንገሸግሸው ጀመር። ቢሆንም የዚያን ቀን ጉዳት በኢንቨስተሮቹ ብቻ አላበቃም። በጎረቤት ዕድር አቶ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ሞተው ነበር። የዚያ ዕድር ዳኛ መዘጋቱን ሳያውቁ ቁልፍ ተጭነው ሰው ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ከተሰናበተ ቆይቷል። አስከሬኑ የወጣው በጥቂት ዘመድ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቀብር ያላመለጣቸው ሰው፣ ተሸካሚ አጥተው በየመንገዱ እየተቀመጡ ሄዱ።

ይህን የሰማው ይትባረክ ነበር። ይትባረክ ከረቡዕ ጀምሮ በወይዘሮ ዘነበች ድንኳን ውስጥ ውኃ ይቀዳል፣ አግዳሚ ይሸከማል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ከአንዲት ቃል በቀር ግን አልተነፈሰም። የመጀመሪያው ቀን «ይበሉ እንጂ» ብሏቸው ነበር፤ ወይዘሮ ዘነበች ድምፁን ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ በምልክት ነው የሚያገለግላቸው። የአቶ ደምሴ ነገር ሲነገረው ወደ ቤቱ ሮጠ፣ የአባቱን ጡሩምባ ከግድግዳ አወረደ፣ እየነፋ በየመንደሩ ዞረ። ሳንባው አልለመደውምና ደም ተፋ ይላሉ፤ ቢሆንም ብዙ ሰው አወጣ፤ ቀብሩ ሳያልቅ የደረሱለት በእሱ ጡሩምባ ነው። ኮንዶሚኒየም ያሉት ግን አልሰሙም። በየመንደሩ ሲዞርም በየዳኛው ደጃፍ ቆም እያለ፣ ከሚልክያስ ጋር የያዙትን ውል ትተው ከእሱ ጋር እንዲሠሩ በሹክሹክታ ሳይመክር አላለፈም።

ዓርብ የሣልስቱ ቀን ነበር። ሚልክያስ ለድንኳኑ ሁለት ካርቶን ውኃ ተሸክሞ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ስመኝ ቆማ ከስልኳ ታነባለች። የምታነበው «የመሥራቹ ሳምንት»ን ነው። ጠዋት ጽፎ የለቀቀው፣ «በከባዱ ሳምንቴ የተማርኳቸው» የሚለው። በውስጡ «አንዲት እናት» አለች፤ ድንጋዩ አለ፤ እንባው አለ፤ መሪ ማለት ጥፋትን በትከሻው የሚሸከም ነው የሚል ትምህርትም አለ። ከሥሩ ልቡ፣ ጭብጨባው፣ «አነሣሣኸን ወንድማችን» የሚለው ተደርድሯል። ስመኝ አንብባ ስትጨርስ ስልኩን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሚልክያስ ውኃውን መሬት አስቀምጦ ወጣ። አፍሯል፤ ግን ከማፈሩ ይልቅ ተቆጥቷል። ድንጋዩን ሲሸከም ስለ ጽሑፍ እንዳላሰበ ያውቃል። ጠዋት ሲጽፈውም ከልቡ ነበር የጻፈው። አንድ ሰው የደረሰበትን ለምን አይናገርም እያለ ከራሱ ጋር እየተሟገተ አስፋልቱን ይዞ ሄደ። ጽሑፉን ግን አላጠፋውም።

እሑድ የዕድሮቹ ዳኞች በዕድሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሦስቱም ተጠርተው በሦስት የተለያዩ አግዳሚዎች ተቀመጡ። ጋሽ ወንድይፍራው ተነሥተው በመጀመሪያ ራሳቸውን ከሰሱ፤ ቁልፉን የተጫነው የእሳቸው እጅ ነውና። ከዚያ ዳኞቹ የተስማሙበትን ተናገሩ። ጡሩምባው መቅረት የለበትም፤ ዳር ያለው ሰው ያለሱ ወገኑን አይቀብርም። ነገር ግን ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሦስት ሰዎች ሞታችንን አይዙትም። ለአንዱ ይሰጣል፤ ሁለቱ ይወጣሉ። የወጣም ተመልሶ እጁን አያስገባም።

ይህ ሚልክያስ በየአግዳሚው ተቀምጦ ያመጣው ነገር ነው። ቀድሞ ተነሣና ሐሳቡ ከእሱ መውጣቱን፣ ዕድሮቹን አንድ በአንድ ያመጣው እሱ መሆኑን፣ ቁጣው በነደደ ጊዜም ፊቱን ሳይሸሽግ የቀረበ ከእሱ በቀር እንዳልነበረ ተናገረ። ሐመልማልን ሳያያት፣ የአቶ ደምሴን አስከሬን በየመንገዱ ያስቀመጠ ማን እንደሆነ ዳኞቹ ያውቁታል አለ።

ሐመልማል ተቀምጣ ነው የመለሰችው። የሌለ ቁልፍ ማንንም አይጠብቅም፤ አሁን ያለውን የሦስት ሽማግሌዎች ማረጋገጫ የሠራችው እሷ ናት፤ ማንም ቢፈልግ ሊያጠፋው የማይችል አድርጋ ሠርታዋለች። ለአቶ ደምሴ ቤተሰብ የምትለው የላትም፤ ባትዘጋው ግን ሌላ እናት ታክሲ ውስጥ ትወድቅ ነበር። ከዚያ ወደ ይትባረክ ዞረች።

«ሰኞ ዕለት አጠገባችን ነበር። ሁሉንም አቀርቅሮ ሰማ። ያን ቁልፍ የለመነን እሱ ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሦስታችን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

ሚልክያስ ደንግጦ ወደ ይትባረክ ዞረ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ በልቡ አልመጣለትም ነበር። ይትባረክ የአባቱን ጡሩምባ ጭኑ ላይ አጋደመ። ከረቡዕ ወዲህ በሰው ፊት ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ይውደቅ እስቲ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያሰብኩት ሚልክያስን ነው እንጂ እማማ ዘነበችን አላሰብኩም።»

ዳኞቹ ተንጫጩ። አንዱ ይትባረክ ከአዳራሹ ይውጣ አለ። ሌላው ደግሞ፣ ዕድሜ ልኩን በልቡ ሊሸሽገው የሚችለውን ኃጢአት ሳይጠየቅ ያመነ እሱ ብቻ ነው አለ። ይትባረክ ክርክሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ የአባቱን መንገድ ስቶ ቢገኝም መንገዱን ግን እንደሚያውቀው፣ ከእንግዲህም የሚረሳው እንዳልሆነ ተናገረ። ቀጥሎም ሚልክያስን አየው። ድንጋዩን ተሸክሞ ገብቶ ድንጋዩን ሸጦ ከወጣ ሰው ይልቅ፣ በድሎ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ውኃ የቀዳ ይሻላል አለ።

ጋሽ ወንድይፍራው በከዘራቸው ወለሉን መቱ። ትናንት ወይዘሮ ዘነበችን ጠይቀናቸው ነበር አሉ። ሴትዮዋ ለሦስቱም አልፈረዱም። ድንጋይ ያወረዱለትን ልጅ ይቅር ብለውታል፤ ጽሑፉን ግን ይቅር አላሉም። በምልክት ያገለገላቸውን ልጅ ቢወዱትም ድምፁን መስማት አይችሉም። ያቺን ልጅ አያውቋትም፤ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን አልረገጠችም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

«የእኔን ተዉት፣ የእኔ አልፏል። ቀጥሎ ልጇ የሚሞትባትን ሴት አስቡና ለእሷ ለሚበጃት ሰው ስጡት።»

ዳኞቹ ይህን ቃል ገና ሲያብላሉት በሩ ተከፈተ። አንድ ጎልማሳ ሮጦ ገብቶ ጋሽ ወንድይፍራው ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የወይዘሮ አመለወርቅ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ አሁን ማረፉን፣ እናቲቱ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ገና መንገድ ላይ መሆናቸውን፣ ስልካቸውም በእጃቸው መሆኑን ለጉባኤው ተናገሩ። ግማሹ ዕድርተኛ ዳር ነው ያለው፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ መነገር አለበት።

ከዚያ ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሁን በሉ፣ ጡሩምባው የማን ይሁን፣ ስልኩን ለማን ልስጥ አሉ።

ሦስቱም ተነሡ። ሐመልማል ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፤ እናቲቱ የት እንደደረሱ እንኳ አልጠየቀችም፤ ነገር ግን እሷ ከያዘችው እናቲቱ በመንገድ ላይ እንደማይሰሙ ሁሉም ያውቃል። ይትባረክ ጡሩምባውን ጋቢው ሥር ሸጉጦ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የወይዘሮ አመለወርቅ መንገድ የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው፤ ሰኞ ዕለት ዝም ያለውም እሱ ብቻ ነው። ሚልክያስም እጁን ዘረጋ። እሱ ቢሄድ እናቲቱ ፊት ደፍሮ እንደሚቆም፣ የሚመጣውንም ስድብ ሁሉ ለብቻው እንደሚቀበል ያውቃል። እጁን ሲዘረጋ ግን የሚመጣው ዓርብ የሚጽፈው የመጀመሪያ መስመር ሳይጠራው በልቡ መጣ። አፈረ። እጁን ግን አልሰበሰበም።

ሽማግሌው ስልኩን አንሥተው ይዘዋል፤ እናቲቱ ወደ ቤታቸው እየተቃረቡ ነው። እናንተ የሰማችሁ፣ ያቺ እናት የእናንተ እናት ብትሆን፣ ስልኩን ከሦስቱ ለማን ትሰጡት ነበር?